የሞላው ደለል ከእኛ ማሳ ነበር

ባለፈው ጥር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ወርጄ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዤ የተወለድኩበት ቀበሌ ገባሁ። የቀበሌውን ስም አልጽፍም። የምጽፈው ነገር የሰፈሬን ሰዎች ገመና ይነካል። ከሁሉም በላይ የሚነካው ግን የራሴን ቤተሰብ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከአጎቴ ጋር በልጅነቴ ዋና የተማርኩበት ግድብ አናት ላይ ቆምን። ውሃ ይኖራል ብዬ በጠበቅኩበት ቦታ ስምንት ዘጠኝ ላሞች ይግጣሉ። ዳር ዳሩን ቄጠማና ፊላ በቅሎበታል። የቀረው ውሃ ግድቡ ሥር ተሰብስቦ ትንሽ ኩሬ ሆኗል። ጥር ላይ ነን እንግዲህ፤ ክረምት ካለፈ ገና አራት ወሩ ነው።

"ውሃው የት ሄደ፣ ጋሼ?" አልኩት።

"ውሃውማ የትም አልሄደም፤ ማደሪያውን ቀሙት እንጂ" አለኝ። ከዚያ ላሞቹ የቆሙበትን ሜዳ በዱላው እያሳየኝ፣ "ይኸ የምታየው ሜዳ የአባትህ ማሳ ነው። ወርዶ እዚህ ተኛ" አለ።

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አጎቴ አልሳቀም።

ወዳጆቼ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ከስክሪን ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የዋልኩት። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ለማየት በቅተናል፤ የሚያኮራ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ቢበዛ መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ስለሚይዝ፣ ስም እንኳ ስለሌለው የአፈር ግድብ ነው። ሁለቱ ያለ ነገር አይገናኙም። የእኛ ሰፈር ጅረት ብር ወንዝ ይገባል፣ ብር ዓባይ ይገባል። ከእኛ ማሳ የሚታጠብ አፈር የሰፈራችንን ግድብ ካለፈ፣ መንገዱ ወደዚያው ወደ ትልቁ ነው።

*

ምዕራብ ጎጃምን የማያውቅ ሰው "ዝናብ በሞላበት አገር ግድብ ምን ይሠራል?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አካባቢያችን በትርፍ አምራችነት የሚታወቅ ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ በየገበያው ስም አለው። ችግሩ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃልሎ መምጣቱ ነው። በእነዚያ ወራት ውሃ መከራ ነው፤ ማሳ ይሸረሽራል፣ መንገድ ይቆርጣል፣ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይሄድ ይከለክላል። የካቲት ላይ ደግሞ ያው ጅረት በጠጠር መካከል የሚያንጠባጥብ ክር ይሆናል። በዝናብ ብቻ የሚያርስ ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ ያመርታል። ቤተሰቡ ሲበዛና መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል አንድ ምርት አይበቃም።

የአፈር ግድብ የሚሠራው ሥራ ውስብስብ አይደለም። የሐምሌን ውሃ ይዞ ለየካቲት ማቆየት ነው። የእኛው የተሠራው በ1992 ዓ.ም. ነው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰው በዘመቻ አፈር ሲቆፍርና ሲሸከም፣ ከወረዳ የመጣ አንድ ማሽን ያንን አፈር እየተመላለሰ ሲጠቀጥቀው አስታውሳለሁ። ማሽኑን ለማየት ከትምህርት ቤት ጠፍተን ሄደን ተገርፈናል።

እንዲህ ያለ ግድብ አራት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ነው። ሁለተኛው በውሃው በኩል ያለውን ፊት ከማዕበል የሚጠብቅ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ሦስተኛው ማስተንፈሻ ነው፤ ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በጎን በኩል የሚወጣበት። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰበት በሰዓታት ውስጥ ሊናድ ይችላል፤ ስለዚህ ማስተንፈሻው የግድቡ ነፍስ ነው። አራተኛው ወደ ቦይ የሚወስደው ማውጫ ቱቦ ነው። ማውጫው ከግድቡ ወለል ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ከእሱ በታች ያለው ቦታ ከመጀመሪያውም ለደለል የተተወ ነው። መሐንዲሶቹ ደለል እንደሚመጣ ያውቃሉ። ጥያቄው ያ ቦታ በስንት ዓመት ይሞላል የሚለው ነው።

*

በግድቡ ሥር ያለው የሚጠጣ መሬት 34 ቃዳ ገደማ ነበር፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው ብላችሁ አስሉት። ተጠቃሚዎቹ 36 አባወራዎች ነበሩ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን ተተከለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በታችኛው ሰፈር የሣር ክዳን የነበሩ ቤቶች ቆርቆሮ ሆኑ።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት በእኛ አገር አዲስ ሹመት አይደለም። ግድብም መሐንዲስም ሳይመጣ በፊት፣ አባቶቻችን ጅረት በድንጋይና በሳር እየከተሩ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ጀምሮ የነበረ ሥርዓት ነው። የእኛዎቹን የውሃ አባት ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ነበር የሚላቸው። ማንበብ አይችሉም። ግን የ36 ሰው ተራ፣ የማን ሽንኩርት በስንተኛው ቀን እንደሚጠማ፣ ማን ሌሊት ቦይ እንደሰበረ በቃላቸው ያውቃሉ።

አንድ ሕጋቸውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ ማርያም፣ ሰንበት ሲሆን በእኛ አገር አፈር የሚነካ የለም። በወንዝ ጠለፋ ጊዜ ተራው በበዓል ቀን የዋለበት ሰው ዕድሉ ነው፤ ውሃው አልፎት ይሄዳል። በዚህ ስንት ጠብ ተነስቷል። ግድቡ ሲመጣ አያ "ከእንግዲህ ውሃው ቆሞ ይጠብቃችኋል" ብለው የበዓል ቀን በሩ እንዲዘጋና ተራው በማግስቱ እንዲቀጥል ደነገጉ። ግድብ ከወንዝ የሚለይበትን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ሌላም ያደርጉ ነበር። ክረምት ላይ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከግድቡ በስተጀርባ ያለውን ተዳፋት በባዶ እግራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱበታል። እርጥበት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄጄ ነበር። ከግርጌው የሚንቆረቆር ውሃ አሳዩኝና፣ "ይኸ የጠራ ነው፤ አትፍራ። የደፈረሰ ያየህ ቀን ግን ሩጠህ ንገረኝ፤ ግድቡ ራሱን መብላት ጀምሯል ማለት ነው" አሉኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ግድብ ደኅንነት ስጠይቅ አንድ የውሃ መሐንዲስ የነገረኝ ይህንኑ ነው። በአፈር ግድብ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፍ ውሃ ጥቂት አፈር ይዞ መውጣት ከጀመረ፣ ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ እየከፈተ ነው። ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ሥር ሁሉ ለዚህ በር ይከፍታል።

አያ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የሚተካቸው ሰው አልተመረጠም። "ኮሚቴ አለ" ተባለ። ኮሚቴው በወረቀት ላይ ሰባት ሰው ነው፤ ሁለቱ ባሕር ዳር ይኖራሉ። ዛሬ ከግድቡ ግርጌ ሰው ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ደግሞ ለመሻገሪያ ተብሎ ድንጋይ ተከምሯል።

*

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ ከግድቡ በታች መሬት አልነበረውም። የእኛ ማሳ ከግድቡ በላይ፣ ጎርፉ በሚመጣበት ተዳፋት ላይ ነው። ግድቡ ሲሠራ ግን እንደ ማንም አፈር ተሸክሟል። የሚጠጣ መሬት ማግኘት የቻለው ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት በእኩል እያረሰ ነው፤ እሷ መሬቱን፣ እሱ በሬውንና ጉልበቱን አምጥተው ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። በዚያ በግማሽ ሽንኩርት ነው እኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝኩት ብርድ ልብስ የተገዛው በዚያ ሽንኩርት ነው። ይህንን ስጽፍ አላፍርም፤ እኮራለሁ።

2001 ዓ.ም. ላይ የሴትየዋ ልጅ አድጎ መሬቱን ራሱ ማረስ ጀመረ። መብቱ ነው። አባቴ ግን ሦስት ወንድ ልጆችና አንድ ቁራጭ ተዳፋት ይዞ ቀረ። ያኔ ነው ከማሳችን በላይ ያለውን፣ ከዚያ በፊት የወል ግጦሽ የነበረውን ዳገት እያሰፋ ማረስ የጀመረው። ጎረቤቶቹም ያንኑ አደረጉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ መጣና በማሳችን ላይ እርከን ተሠራ። አባቴም ወጥቶ ሠርቷል። በሁለተኛው ዓመት ግን ግማሹን አፈረሰው።

እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ለእረፍት ስመጣ በተማርኩት ልክ ልወቅሰው ሞከርኩ። "አባዬ፣ እርከን እኮ አፈር ይይዛል" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "መሬቴን ይበላል፤ አይጥ ይፈለፍልበታል፤ በሬ መዞሪያ ያጣል። ታች ያሉት ሽንኩርት እንዲበሉ እኔ ማሳዬን ላጥብብ?"

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሳስበው፣ ይህ ጥያቄ የግድቡ ዋና ጥያቄ ነበር። ማንም ጠይቆት አያውቅም።

*

ስሌቱን ልንገራችሁ። ሃንስ ሁርኒ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ ለግምት ግን ይረዳናል። ከግድባችን በላይ 200 ሄክታር የሚታረስ ተዳፋት አለ እንበል። በዓመት 8,400 ቶን ማለት ነው። ሁሉም ግድቡ ውስጥ አይገባም፤ አብዛኛው መንገድ ላይ፣ ማሳ ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር ይቀራል። ሲሶው ብቻ ደረሰ ብንል 2,800 ቶን ነው፤ በመጠን ከ2,000 ሜትር ኩብ ይበልጣል። ይህንን በ25 ዓመት አባዙት። መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ለመያዝ የተሠራው ግድብ ግማሹ አፈር ሆኗል። ላሞቹ የሚግጡት እዚያ ላይ ነው።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ሩቅ አገር አለመሆኑ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመበት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ 113 ሄክታር የሚሆን ትንሽ ተፋሰስ። እዚያ ዝናቡም፣ ጎርፉም፣ በጎርፉ ውስጥ ያለው አፈርም ለዓመታት ተለክቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. ፋንያ ጁ የሚባለው፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚወረወርበት እርከን ተሠራ። ሥራው ከተጠበቀ ዳገቱ በዓመታት ውስጥ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል፤ ይህ እዚያ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ማለትም አባቴ እርከኑን ያፈረሰው፣ እርከን እንዴት እንደሚሠራ በራሱ ዞን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ከተጠና በኋላ ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ላይኛውና ታችኛው ሰፈር ስምምነት አልነበራቸውም፤ የጎደለው እሱ ነው።

*

"ይህ የትንሽ ግድብ ችግር ነው፤ ትልቅ ሲሆን ባለሙያ አለው" የሚል ይኖራል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ከጦርነቱ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. ቆጋን ለማየት መራዊ ሄጄ ነበር። መራዊ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ያኔ በምዕራብ ጎጃም ሥር ነበረች። ዛሬ መራዊ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት በጥር 2016 ዓ.ም. የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ስሟን ስጽፍ እሱን ሳላስብ አላልፍም።

ቆጋም የአፈር ግድብ ነው። ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና በሚሄደው በቆጋ ወንዝ ላይ ተሠራ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ብድሩን ያጸደቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ከፍታው 21 ሜትር ገደማ፣ የሚይዘው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ፣ እንዲያጠጣ የታሰበው 7,000 ሄክታር ነው። መሬቱ በ12 ብሎክ የተከፈለ ሲሆን የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅሙ ኩሬዎች አሉ፤ ዋናው ቦይ ሌሊትም ይፈስሳል፣ ገበሬው ግን በቀን ያጠጣል። ብልህ አሠራር ነው። በድንግዝግዝ አካፋ ይዞ ከጎረቤት ጋር ከመጣላት ያድናል።

83 ሚሊዮኑን ለ7,000 አካፍሉት፤ ለሄክታር 12,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። የእኛን መቶ ሺህ ለስምንት ሄክታር ተኩል ብታካፍሉት የምታገኙት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስሌቱ አንድ ነው። ያየሁት ችግርም አንድ ነበር። በቦዩ ራስ ያሉት በቂ ያጠጣሉ፤ ጫፍ ላይ ያሉት ይጠብቃሉ። በግድቡ ሥር ስንዴ፣ ድንች፣ በቆሎ አለ፤ አቮካዶ ወደ ውጭ እስከ መላክ የደረሱ ገበሬዎች አሉ። እዚያው አጠገብ ደግሞ ውሃ ሊጠጣ በተዘጋጀ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል። አንድ ገበሬ ለምን ባሕር ዛፍ እንደተከለ ስጠይቀው፣ "ዛፍ ተራ አይጠብቅም" አለኝ። ሰው የውሃ ተራው ላይ እምነት ሲያጣ ተራ የማይፈልግ ነገር ይተክላል።

ሕግ የለም እንዳልል አለ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ወጥቷል። አዋጁ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች በማኅበር እንዲደራጁ፣ ክፍያ እንዲሰበስቡ፣ ቦያቸውን ራሳቸው እንዲጠግኑ ያስችላል። ጥሩ ነው። ስሙን ግን ልብ በሉት፦ "ተጠቃሚዎች"። አባቴ ተጠቃሚ አልነበረም። አባቴ የነበረበት ቦታ ከላይ ነው፤ አፈሩ የሚመጣበት ቦታ። እሱ በየትኛው ማኅበር ይሰብሰብ? ማን ያናግረው? የእኛን ግድብ የቀበረው አፈር ከተጠቃሚዎቹ ማሳ የመጣ አልነበረም።

*

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋዜጠኝነት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ለአንድ መገናኛ ብዙኃን አንድ ትንሽ የመስኖ ግድብ ሲመረቅ ዘግቤአለሁ። ሪባን ተቆርጧል፤ ስንት ሄክታር እንደሚያለማ፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀም ጽፌአለሁ። ምሳ ተጋብዘናል። ወደዚያ ግድብ ተመልሼ ሄጄ አላውቅም። ዛሬ ውሃ ይያዝ አይያዝ አልጠየቅኩም። ከግድቡ በላይ ማን እንደሚያርስ ለመጠየቅ ያን ቀን አልታሰበኝም፤ የማን ማሳ እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ ግን ከማንም በላይ እኔ ነበርኩ።

የእኛ ዜና ሪባን ይቆጥራል። "በዚህ ወረዳ የግድብ ደለል ተጠረገ"፣ "በዚያ ቀበሌ የውሃ አባት ተመረጠ" የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሠራሁም፤ ብሠራም አዘጋጁ "ዜናው የታለ?" ይለኝ ነበር። ባለሥልጣኑም ይህንን ያውቃል። የሚመረቅ ነገር በጀት ያገኛል፤ የሚጠገን ነገር ግን አስተዋሽ የለውም። የጎንደርን ሕዝብ ውሃ ሲያጠጣ የኖረው አንገረብ እንኳ ስለ ደለሉ ስንት ዓመት ሲጮህለት የኖረ ግድብ ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጊዜ ውስጥ ነን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። የግብርና ባለሙያ ወደ ቀበሌያችን ከመጣ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ልውቀሰው አልችልም፣ እኔም የሄድኩት ፈርቼ ነው። የተፋሰስ ዘመቻውም ቆሟል። ሰው ሲጨንቀው ደግሞ የሚያርሰው ያችኑ ዳገት ነው።

*

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት አርፏል። ማሳውን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያን ቀን ከአጎቴ ጋር ከግድቡ ስንመለስ የሰማሁትን ነገርኩት። ተቆጥቶ "ከተሜው አንተ ነህ፤ ደለሉን ተሸክመህ ውሰደው" ይለኛል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "እኛ ከግድቡ ምን አለን?" አለ። የአባቴ ጥያቄ ነው፤ በሌላ አፍ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ የታችኛውንና የላይኛውን ሰፈር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሰበሰበ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሙግቱ ቀላል አልነበረም። ከታች ያለ አንድ ሰው "አፈራችሁን ውሰዱልን" አለ። ከላይ ያለ ደግሞ "ስንሸከም የነበረው አፈር የማን ነበር? ግድቡን የሠራነው አብረን አይደለም ወይ?" ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ አዛውንት፣ "አያ ቢኖሩ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ላይኛው ሰው ምን ያገኛል ብለው ነበር" አሉ። ዝምታ ሆነ።

የተስማሙት ይኸ ነው። ከግድቡ በላይ ያሉ 14 ማሳዎች፣ በታችኛው ጠርዛቸው አንድ እርምጃ ስፋት ያለው ደሾ ሣር ይተክላሉ፤ ሣሩ አፈሩን ያጠራል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ሣሩ የባለ ማሳው ነው። በምትኩ የታችኞቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ ውሃውን ለላይኞቹ ይለቃሉ። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ ከአንድ ባለ ሞተር ፓምፕ ጋር ተነጋገሩ። ነዳጁን ላይኞቹ ይችላሉ፤ ለሽንኩርትና ለበርበሬ ችግኝ መደብ ይበቃል ተብሏል። ከግድቡ ግርጌ ያሉት ባሕር ዛፎች ይቆረጣሉ፤ ከማስተንፈሻው አፍ ላይ ድንጋዩ ይነሳል። የውሃ አባትም ተመረጠ። ከላይኛው ሰፈር ነው የተመረጠው፤ በእኛ ቀበሌ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ላታልላችሁ አልፈልግም። ግድቡ ውስጥ የተኛው ደለል እዚያው ነው። በእጅ ልጥረገው ቢባል የዓመታት ሥራ ነው፤ በማሽን ቢባል ቀበሌው የማይችለው ገንዘብ ነው። ነዳጅ ውድ ነው፤ አንድ ረቡዕ ቢቋረጥ ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል። ሣሩ ሥር እስኪሰድ ሁለት ክረምት ይፈልጋል። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ በእግዚአብሔር ፊት የተማማሉት ብቻ ነው። ግን በ26 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ላይኛውን ሰፈር "አንተስ?" ብሎ ጠይቋል።

ስሄድ ወንድሜ ማሳው ጫፍ ላይ ገመድ ወጥሮ አንድ እርምጃውን እየለካ ነበር። እርምጃው ጠበብ ያለ መሰለኝ። ዝም አልኩ።

መስከረም ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። መንገዱ ከተከፈተ። ውሃው የጠራ ይሁን የደፈረሰ፣ ሣሩ ይዞ ይሁን በሬ በልቶት፣ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ፤ መጥፎም ከሆነ እጽፋለሁ። እናንተም በየአካባቢያችሁ ሲመረቅ ያያችሁት ግድብ ካለ፣ በእኛ ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ከግድቡ በላይ የሚያርሰው ማነው፣ ከውሃውስ ምን ይደርሰዋል?

ቸር ያሰማን።